ያልታወቀ ወይስ የተደበቀ? ስለ ወሎው ፊልምና ስለ ሽልማቱ

ስለ ሽልማት ለመጻፍ ከሽልማቱ ስም መጀመር ይሻላል። ሪቻርድ ዲምብልቢ የሚባል የእንግሊዝ የራዲዮ ጋዜጠኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1945 የእንግሊዝ ጦር በርገን-ቤልሰን የተባለውን የናዚዎች ማጎሪያ ሲይዝ አብሮ ገባ፤ ያየውንም ዘግቦ ለቢቢሲ ላከ። ለንደን የተቀመጡት አለቆቹ ግን ወሬውን ማመን ተቸገሩና ማስተላለፉን አዘገዩት። ሰውዬው «ካላስተላለፋችሁት ሥራዬን እለቃለሁ» ብሎ ካስፈራራ በኋላ ነው የተላለፈው። ልብ በሉ፤ ጦርነቱ ሊያበቃ ሳምንታት ቀርተውታል፣ በሺህ የሚቆጠር ሬሳ ሜዳ ላይ ተሰጥቷል፣ የራሳቸው ታማኝ ዘጋቢ በዓይኑ አይቷል። ሆኖም ወሬው «ይጣራ» ተብሎ ቆመ።

ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1965 ሞተ። ዛሬ ባፍታ የምንለው የእንግሊዞች የፊልምና የቴሌቪዥን ማኅበር (ያኔ በሌላ ስም ይጠራ ነበር) በስሙ ሽልማት አቆመለት። እ.ኤ.አ. በ1974 ይኸው ሽልማት ለገዛ ልጁ፣ ለጆናታን ዲምብልቢ ተሰጠ። ልጁ የተሸለመበት ፊልም ደግሞ የሚመለከተው እኛን ነው። «ያልታወቀው ረሃብ» ይባላል። የወሎ ረሃብ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ «ያልታወቀው» የምትለዋ ቃል ነች። ለማን ነው ያልታወቀው? እውነትን ፈልፍለው ላወጡ ፊልሞች ሽልማት በተሰጠ ቁጥር በጭብጨባው መካከል አንድ ነገር በዝምታ ይታለፋል፤ የወጣው እውነት አብዛኛውን ጊዜ ያልታወቀ ሳይሆን የተደበቀ መሆኑ። ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ያልታወቀ ነገር የሚያገኘው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው። የተደበቀ ነገር ግን ደባቂ አለው፤ አስቀድመው አውቀው አፋቸው የተያዘ ሰዎችም አሉት። ካሜራው የሚደርሰው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እስቲ ወሎን እንይ። (የውጭ አገሩን ቀን «እ.ኤ.አ.» እያልኩ በፈረንጅ፣ የአገራችንን በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የ1964 ክረምት በሰሜን ወሎ በቅጡ ሳይዘንብ አለፈ። የ1965 በልግም ከዳ። በዚያ ዓመት ረሃብተኛው መንደሩን እየለቀቀ ወደ አውራው ጎዳና ወጣ፤ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው መንገድ ዳርና ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ጀመር። በዚያ መንገድ የሕዝብ አውቶቡስ ያልፋል፤ እህል የጫነ ካሚዮን ያልፋል፤ የሹማምንት መኪና ያልፋል፤ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ላንድሮቨርም ያልፋል። ታዲያ ይህ ምኑ ነው ያልታወቀ? ሹማምንቱ ያውቃሉ። አዲስ አበባ ቢሮ የነበራቸው የውጭ እርዳታ ሰዎችም ያውቃሉ፤ ግን የንጉሡን መንግሥት ማስቀየም ስላልፈለጉ ወሬውን ዋጡት። የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች ዝምታ እንዴት እንደተጋጠመ፣ ጃክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ በአንድ ጽፎታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ ቅርብ የሆነው ታሪክ ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያው በ1965፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ከነበረው ዩኒቨርሲቲ የተነሱ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ረሃቡን አዩ። ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ ፎቶግራፍ አንስተው መጡ። ፎቶግራፎቹ በግቢው ውስጥ ለተማሪው ታዩ። ተማሪውም ዝም አላለም፤ ጮኸ፣ ገንዘብ አዋጣ፣ ስለ ወሎ በየስብሰባው ተናገረ። ይህ ሁሉ የሆነው የለንደኑ ፊልም ከመሠራቱ ከወራት በፊት ነው። ለዚያ የፎቶግራፍ ትርኢት ሜዳልያ የሰጠ ማኅበር የለም። እንዲሰጥም አልጠብቅም። ነገር ግን የወሎን ረሃብ ለዓለም የገለጸው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው ተብሎ ሲጻፍ (በየመጽሐፉ እንዲያ ነው የሚጻፈው) «ለዓለም» የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል። ግቢያችን በዚያ ዓለም ውስጥ አልተቆጠረም ማለት ነው።

ይህን ስል ፊልሙን ለማቃለል አይደለም። ጆናታን ዲምብልቢ በቴምዝ ቴሌቪዥን «ዲስ ዊክ» ለተባለው ሳምንታዊ ዝግጅት ይሠራ የነበረ ወጣት ነው፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ወሎ ገብቶ ያመጣው ፊልም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በእንግሊዝ አገር የታየው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1973 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 8 ቀን 1966። ፊልሙ አይጮህም፤ ጥንካሬውም እዚያ ላይ ነው። ካሜራው ከመጠለያው ሰዎች ፊት ላይ ቶሎ አይነሳም። ተናጋሪው ድምፅ በማይናገርበት ጊዜ የሚሰማው የሕፃናት ልቅሶና ሳል ነው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ፤ ፊልሙም በሌሎች አገሮች ታየ። አዲስ አበባም ከዚያ ወዲያ ረሃብ የለም ማለት አልቻለችም። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን ለማየት የሄዱት ፊልሙ ከታየ በኋላ፣ በኅዳር ገደማ ነበር። የሞተው ሰው ቁጥር ዛሬም ያከራክራል፤ ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ የሚል ግምት አለ፣ 200 ሺህ የሚልም አለ። የትኛውንም ብንይዝ አብዛኛው ሰው የሞተው በዝምታው ወራት ነው።

ስለዚህ ሽልማቱ ይገባው ነበር ወይ ቢሉኝ፣ ይገባው ነበር። አባትየው ቤልሰን ላይ «ይጣራ» የተባለውን ወሬ አስገድዶ አሳለፈ፤ ልጁ ደግሞ ወሎ ላይ «የለም» የተባለውን በምስል አሳየ። የአባት ስም ለልጅ መሰጠቱ የዘመድ ነገር ይመስላል እንጂ በሥራ ረገድ ውርሱ ትክክለኛ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። አላበቃም።

መስከረም 1 ቀን 1967፤ የእንቁጣጣሽ ምሽት። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ያ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት በደርጉ ተነገራቸው። ነገር ግን የታየው ለንደን የታየው አልነበረም። ከወሎ መጠለያ ሬሳው ይታያል፤ ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብር ይመጣል። አጥንቱ የወጣ ሕፃን፤ ቀጥሎ የመኳንንት የሠርግ ኬክ። እናት የደረቀ ጡቷን ይዛ፤ ቀጥሎ ሥጋ የሚጎርሱ የቤተ መንግሥት ውሾች። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረዳቸው ተነበበላቸውና በአንዲት ቮልስዋገን ተወሰዱ። አንድ ዘጋቢ ፊልም መንግሥት ሲለወጥ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ የተገኘበት ሌላ አገር አላውቅም።

የፊልም ታሪክ ያነበበ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል። አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1925 «አድማ» በተባለው ፊልሙ በጥይት የሚወድቁ ሠራተኞችን ከሚታረድ በሬ ጋር ቆራርጦ ቀጥሏቸዋል። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቆም በየግሉ ያልነበረው ሦስተኛ ሐሳብ ይወለዳል። የመስከረም አንዱም ፊልም እንዲሁ ነው። ረሃቡ እውነት ነው። ግብሩም እውነት ነው፤ ውሾቹም ሥጋ ይበሉ ነበር። የተጋጠሙበት መንገድ ግን ክርክር ነው፤ የዓቃቤ ሕግ ንግግር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩ ከናካቴው ሐሰት አልነበረም፤ መንግሥቱ ረሃቡን በእርግጥ ደብቋል። ችግሩ ዓቃቤ ሕጉ ተናግሮ ሲጨርስ ዳኛ አለመኖሩ ነው።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። የባለሥልጣኖቹን ጥፋት፣ ረሃቡን መደበቃቸውንም ጭምር፣ እንዲመረምር የተቋቋመ መርማሪ ኮሚሽን ነበር። ምስክር እየሰማ፣ ሰነድ እያገላበጠ ሥራ ላይ ሳለ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከእነርሱ መካከል ናቸው። በኮሚሽኑ ፊት ቀርቦ «ማን መቼ አወቀ? ማን ለማን ጻፈ? ማን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት የነበረበት ሰው አፈር ገባ። የተደበቀውን አወጣን ያሉት ሰዎች የምርመራውን ዋና ምስክሮች አብረው ቀበሩ። በየመድረኩ ስለዚያ ፊልም ሲወራ ይህ የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው።

የመቁረጥና የመቀጠል ነገር የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ተሸላሚዎቹ የአሜሪካ ፊልሞችም ያው ጥያቄ ገጥሟቸዋል፤ እዚያ የተያዘበት መንገድ ግን የተለየ ስለነበረ ማነጻጸሩ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1971 ሲቢኤስ «ፔንታጎንን መቸብቸብ» ልንለው የምንችለውን ፊልም አሳየ። የአሜሪካ ጦር በሕዝብ ገንዘብ ጦርነትን ለራሱ ለሕዝቡ እንዴት እንደሚያስተዋውቅ የሚያጋልጥ ነው፤ በትምህርት ቤት ልጆች ፊት የሚታዩ የጦር መሣሪያዎች፣ ለሀብታም እንግዶች የሚዘጋጁ የተኩስ ትርኢቶች። ፊልሙ ፒቦዲ የተባለውን ትልቅ ሽልማት አገኘ፤ ኤሚም አገኘ። ጉዱ የወጣው ቆየት ብሎ ነው። አንድ ባለሥልጣን ለአንድ ጥያቄ የሰጠው መልስ ለሌላ ጥያቄ የሰጠው ተመስሎ ተቀጥሏል፤ የአንድ ኮሎኔል ንግግርም ከተለያየ ቦታ ተለቅሞ አንድ ላይ ተሰፍቷል። አጋላጩ ፊልም ራሱ ተጋለጠ።

ኮንግረሱ ተቆጣ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ ተቆርጦ የተጣለው ፊልም ሁሉ ይቅረብልኝ ብሎ የሲቢኤሱን ፕሬዚዳንት ፍራንክ ስታንተንን በመጥሪያ ጠራው። ስታንተን አላቀርብም አለ፤ መንግሥት የጋዜጠኛን ቁራጭ መመርመር ከጀመረ ነገ የጋዜጠኛን ማስታወሻ ደብተር ይመረምራል ነው ክርክሩ። ጉዳዩ ለምክር ቤቱ ድምፅ ቀረበ። 226 ለ181 በሆነ ድምፅ ስታንተን አይከሰስ ተባለ። ሁለቱም ወገን ያን ያህል ንጹሕ አልነበረም፤ ጣቢያው በአቆራረጡ አጥፍቷል፣ ምክር ቤቱም ዓላማው የፊልም ሥነ ምግባር አልነበረም። ነገር ግን ክርክሩ በአደባባይ ተደርጎ ማንም ሰው ሳይሞት አለቀ። ይህን ከኅዳር 14 ጋር ሳነጻጽረው የምቀናበት ነገር አለ። ልደብቀው አልፈልግም።

የዚያው ፊልም ሠሪ፣ ፒተር ዴቪስ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ቬትናም ጦርነት «ልብና አእምሮ» የተባለውን ሠራ። ያስከፈለው ኩባንያ ራሱ አላከፋፍልም አለ፤ በፊልሙ ውስጥ የተናገረ አንድ የቀድሞ የፕሬዚዳንት አማካሪም እንዳይታይ በፍርድ ቤት ለጊዜው አሳገደ። በመጨረሻ ታየ፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1975 ኦስካር አገኘ። አዘጋጁ በርት ሽናይደር ሽልማቱን ሊቀበል ወጥቶ ከኪሱ አንድ ቴሌግራም አወጣና አነበበ፤ ፓሪስ ከነበሩት የቬትኮንግ ልዑካን ለአሜሪካ ሕዝብ የተላከ ሰላምታ ነበር። አዳራሹ ታመሰ። ዝግጅቱ ሳያልቅ ፍራንክ ሲናትራ ወጥቶ በቦብ ሆፕ የተጻፈች ወረቀት አነበበ፤ አካዳሚው በመድረኩ ላይ ለተነገረው ፖለቲካ ኃላፊ አይደለም ትላለች። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በእጃቸው ሐውልቱን ሰጡ፣ በአፋቸው ይቅርታ ጠየቁ። ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ ሳይጎን ወደቀች። ያን የመሰለ ፊልም ከአሥር ዓመት በፊት ተሸልሞ ቢሆን ኖሮ ትልቅ ድፍረት በሆነ ነበር። የተሸለመው ግን ጦርነቱ እንደተሸነፈ አገር ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው። ሽልማት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ በሩ ከተከፈተ ወዲያ ያንኳኳል።

ሁልጊዜ ግን አይደለም። ፒተር ዋትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1965 ለቢቢሲ የሠራው «የጦርነት ጨዋታ» አለ። የአቶሚክ ቦምብ በእንግሊዝ አገር ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን፣ መንግሥት ለሕዝቡ የሚሰጠው የመጠለያ ምክር ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ያሳያል። ቢቢሲ ይህን ማሳየት ያሰቅቃል ብሎ ከለከለ፤ ውሳኔው የራሴ ነው አለ። ነገር ግን የቢቢሲው ሊቀ መንበር፣ ራሱ የቀድሞ የካቢኔ ጸሐፊ የነበረ ሰው፣ ፊልሙን አስቀድሞ ለመንግሥት ባለሥልጣኖች አሳይቷቸው ነበር። ፊልሙ በጥቂት ሲኒማ ቤቶች እየታየ ከአገር ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በዘጋቢ ፊልም ኦስካር ተሸለመ። ይህ ሁሉ ሆኖ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1985 ነው። ሃያ ዓመት! ሽልማቱ በሩን አልከፈተውም፤ ነገር ግን ፊልሙ የለም እንዳይባል አደረገ። ለአንድ የተከለከለ ሥራ ይህም ቀላል አይደለም።

ያልተሸለመም አለ። ኤሮል ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው «ቀጭኑ ሰማያዊ መስመር» አንድ የዳላስ ፖሊስ በመግደል የተፈረደበት ራንዳል አዳምስ ንጹሕ መሆኑን አሳየ። ኦስካር ለውድድር እንኳ አላቀረበውም፤ የተተወኑ ትርኢቶች ስላሉበት ዘጋቢ ፊልም አይደለም የሚል ቅሬታ ነበር። ሰውዬው ግን በተከታዩ ዓመት ከአሥራ ሁለት ዓመት እስራት በኋላ ተፈታ። (በኋላ ፊልም ሠሪውን በታሪኩ ባለቤትነት ከሰሰው። እውነት የወጣለት ሰው ሁሉ አመስጋኝ አይሆንም፤ መሆንም አይጠበቅበትም።)

ወደ ወሎ ልመለስ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱን ደገመ። መስከረም 1977 አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ፓርቲውም ሲመሠረት፣ አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ ተሸልማ ነበር። ቆረም ሜዳ ላይ ደግሞ ሰው እየረገፈ ነበር። ለበዓሉ የመጡት የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። መስከረም አንድን በፊልም ያከበረው መንግሥት ነው ይህን ያደረገው! የገዛ መሣሪያውን ስለት ስለሚያውቅ ፈራው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) ኬንያዊው ካሜራ ሠራተኛ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከቆረም ያመጡት ዜና ታየ። ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ዘፈኑ፣ ኮንሰርቱ፣ ስንዴው፣ ሽልማቱም። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። አሚን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

የቆረሙን ምስል ያየ ሰው አይረሳውም። ግን እስቲ ምን እንዳላሳየ እንጠይቅ። ዜናው ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን እንደመጣ መቅሠፍት አድርጎ ነው ያቀረበው፤ ማለዳ፣ ጭጋግ፣ ነጭ ጋቢ፣ ሬሳ። በዚያ ሥዕል ውስጥ ጦርነት የለም። የሚቃጠል ማሳ፣ ከአየር የሚደበደብ ገበያ፣ በግድ የሚጫን ሠፋሪ የለም። ድርቁ ብቻ ነው ያለው። እግዚአብሔር ተከሰሰ፤ ሰው ነጻ ወጣ።

የ1966ቱም ፊልም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚናገር መጽሐፉ የወሎን ረሃብ መርምሮ ብዙዎችን ያስገረመ ነገር አገኘ። በአገር አቀፍ ደረጃ ሲታይ በዚያ ዓመት የእህሉ መጠን እዚህ ግባ የሚባል ቅናሽ አላሳየም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። ከወሎ እህል ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበረም የሚያመለክት ማስረጃ አለ። ታዲያ ሰው ለምን ሞተ? የሚገዛበት ስላጣ ነው። ማሳው የከዳው ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም አብሮ አጣ፤ ከብቱን በርካሽ ሸጠ፤ ከዚያ ወዲያ እህል በፊቱ ቢያልፍም የእሱ አይደለም። አፋሩ ደግሞ ከዚህ ሌላ በአዋሽ ዳር ያለውን የደረቅ ወራት ግጦሹን ለጥጥ እርሻ ተነጥቆ ነበር። ጎዳናው ላይ ተሰልፎ መኪና ያስቆም የነበረው ሰው ፊት ለፊት ያልፍ የነበረውን ካሚዮን አስታውሱ። ካሜራ ረሃብተኛውን ያነሳል፤ የካሚዮኑን ደረሰኝ፣ የመሬቱን ስሪት፣ የጭሰኛውን ውል ግን አያነሳም። እነዚህ ናቸው ከተደበቀው በታች የተደበቁት፤ ለእነርሱ ሌላ ዓይነት ፊልም ያስፈልጋል።

ያን ዓይነት ፊልም የሠራልን ሰው አለ፤ ኃይሌ ገሪማ። ጎንደር ተወልዶ አሜሪካ የተማረው ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያነሳው ንጉሡ በወደቁበት ሰሞን፣ አዲሱ ሥርዓት ገና ሥር ሳይሰድ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተዋናዮቹ አብዛኞቹ የባላገር ሰዎች ናቸው፤ በአማርኛ ይናገራሉ። አንድ ባላባት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጭሰኞቹን ያዝዛል፤ ከበደ ሳይሆን ከበበ የሚባል፣ እብድ ነው የተባለ ሰው፣ እውነቱን በአደባባይ ይናገራል። ረዥም ነው፤ አንዳንዴም ያሰለቻል፤ ግን እርሻው የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ነው የሚፈጀው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ። እዚያ ውስጥ እንደ ወሎው ፊልም የሚሞት ሕፃን ፊት ላይ የሚቆም ካሜራ የለም። ሕፃኑ በኋላ ለምን እንደሚሞት የሚያስረዳው ነገር ግን ሁሉም አለ።

ኃይሌ ከሠላሳ ዓመት በኋላ «ጤዛ»ን አመጣ፤ ገንዘብ ፍለጋው ብቻ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የአብዮቱን ዘመን፣ የተማሪውን እርስ በርስ መባላት፣ ልጆቻቸውን ከጦር ምልመላ ለማስጣል ዋሻ ውስጥ የሚደብቁ እናቶችን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወሰደ፤ በተከታዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ወርቃማ የየኔንጋ ፈረስ። ከሁለቱ ለእኔ የበለጠ ትርጉም ያለው የዋጋዱጉው ነው። ዳኞቹ ነገሩን ለማወቅ ፊልሙን ማየት የማያስፈልጋቸው፣ በየአገራቸው የራሳቸውን መስከረም አንድ ያዩ ሰዎች ናቸውና።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። መልካም። ግን ተረቱ ሌሊቱን ማን ነቅቶ እንዳደረ አይነግረንም።

በግቢያችን ፊልም ለማሳየት ለሚደክሙ ጓደኞች አንድ ሐሳብ አለኝ። በአንድ ምሽት ሦስት ነገር ቢታይ፤ መጀመሪያ የዲምብልቢው ፊልም፣ ለንደን እንደታየው፣ አንድም ሳይቆረጥለት። ቀጥሎ፣ ቅጂው ከተገኘ፣ የመስከረም አንዱ። በመጨረሻ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፤ ሰው እየተነሳ ቢሄድም እስከ መጨረሻው። ንግግር አይኑር፣ መግቢያም ሆነ ማብራሪያ አይነበብ። የአዳራሹ በር ላይ ግን፣ ሰው ገና ሲገባ እንዲያያቸው፣ መምህራኑ በ1965 ከወሎ ያመጧቸው ፎቶግራፎች ይሰቀሉ።